ከጸሎቱ ጋር የተሰፋው እጥፍ

ኑሻቴል፣ መጋቢት 14 ቀን 1771

ይድረስ ለማከብርሽ እትዬ ፔትሮኒል፣

ከተራራው ማዶ ሆኜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ሳሉ ለቆኛል። ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ አራተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም እውላለሁ፤ የራሴን ለማየት ጊዜ የለኝም።

ወላጅ የሌለኝ ልጅ ሆኜ ቤታችሁ ስገባ አባትሽ አንድ ቀን እንኳ የሩቅ ዘመድ ነህ ብለውኝ አያውቁም። የመጽሐፍ መጠረዣ ሙጫ ማፍላቱንም ማንበቡንም የተማርኩት በእናንተ ቤት ነው። አሁን ደፍሬ ልጠይቅሽ የተነሳሁትም ለዚሁ ነው። በፋሲካ ሰሞን አንድ ተሸካሚ ሁለት ጥቅል ያልታጠፈ ሉህ ያደርስልሻል። ከላይ ሲታይ የስብከት መጽሐፍ ነው፤ ድንበር ጠባቂዎቹም ሁለት ሦስት ሉህ ገለጥ አድርገው ያሳልፉታል። ግን በየስብከቱ መሃል የሌላ መጽሐፍ ሉህ ገብቶበታል። እኛ ይህን ማጋባት እንለዋለን። የአንቺ ሥራ ማፋታት ነው። ስብከቱን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ አጥፈሽ አስቀምጪ፤ ቦሶን የሚባል የሊዮን ነጋዴ መጥቶ ይወስደዋል።

የመጽሐፉ ስም «የማታፍረዋ ሴት» ነው። ነጋዴዎቹ እንዲህ ያለውን ሁሉ «ፍልስፍና» እያሉ ነው የሚያዙት፤ እንደ እውነቱም ፍልስፍና አለበት። ዞኤ የምትባል ሴት ከወንዶች ጋር ያሳለፈችውን ሳትደብቅ ታወራለች፤ በየመሃሉም ሐፍረት ማለት ሌላ ሰው የሰፋልን ልብስ ነው፣ ለብሶት የተወለደ የለም እያለች ትከራከራለች። ፓሪስ አብዳለች ይባላል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አንቺ ግን አታንብቢው። አጥፈሽ ብቻ ስጪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ አ.

—

በዛንሶን፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1771

ለወንድሜ ለአንሰልም፣

የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ ፌርዡ ከክፉ ይሰውርህ። አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የከረመ ሰው ሲገኝ ስጦታ ይልካል፤ አንተ ፍቺ ላክህልኝ። ይሁን። ጥቅሎቹ ደርሰዋል፣ ሦስት ቀን ፈጅቶብን አፋታናቸው። መጽሐፍ ሰፊዬን ኒኮልን ታውቃታለህ፣ አፏ አያርፍም። «እመቤቴ፣ ስብከትና ጋለሞታ እንዲህ ተቃቅፈው ተራራ ካቋረጡ፣ ከእኔና ከባሌ ጋብቻ የእነሱ ይሻላል፤ ቢያንስ መንገድ ላይ አልተደባደቡም» ብላ ስታስቀኝ ዋለች። ማንበብ ስለማትችል ከዚህ በላይ አታውቅም።

እኔም አላነበብኩም። የሚያጥፍ ሰው አያነብም፤ ከገጹ የሚያየው ቁጥሩንና ጠርዙን ነው። ግን ዳግመኛ እንዳትልክብኝ። ባሌ ዣናን ካረፈ ወዲህ ሱቁን ይዤ ያለሁት በጠራዦች ማኅበር ፈቃድ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሱቋን ይዛ የምትቆየው ምግባሯ እስካልተነቀፈ ድረስ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። በየዓመቱ ግንቦት 6፣ በማኅበራችን ጠባቂ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ባለ ሱቆቹ ተሰብስበው ስሜን ያነሳሉ፤ እስካሁን በክብር አንስተው በክብር አስቀምጠውታል። ከዚህ ሱቅ ሌላ የአባቴ የሆነ ነገር እጄ ላይ የለም።

አክስቴ እማሆይ ስኮላስቲክ ስላንተ ይጠይቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አሁን ጀማሪ መነኩሲት ናት የምታነብላቸው። ገዳማቸው አርባ የጸሎት መጽሐፍ አዞኛል፤ ለመስከረሙ የእመቤታችን ልደት ማድረስ አለብኝ። አንተስ ማግባት አላሰብክም ወይ? ወይስ እዚያም የምታጋባው ወረቀት ብቻ ነው?

እህትህ ፔትሮኒል

—

ኑሻቴል፣ ሐምሌ 2 ቀን 1771

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው፤ መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶ ነው። መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ እየታተመ ነው! ከጄኔቭ የመጣ አንድ የተማረ ሰው ጠረጴዛችን ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ከወንድ እጅ እንዲህ ያለ የሴት ድምፅ ወጥቶ አያውቅም» አለ። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ስህተት እየለቀምኩ ነበር። ምን እንደተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም።

አትቆጪኝና ሃምሳ ቅጂ ሉህ ደግሜ ልኬያለሁ፤ መጨረሻው ነው። በፊት አታንብቢ ብዬሽ ነበር፣ አሁን ቃሌን አጥፌያለሁ። ሦስተኛውን እጥፍ፣ ግርጌው ላይ «C» የሚል ምልክት ያለበትን፣ አንብቢልኝና ያቺ ሴት እውነተኛ ሴት ትመስል እንደሆነ ንገሪኝ። ጸሐፊውን በቅርብ አውቀዋለሁ። ከማንም ይልቅ የአንቺ አስተያየት እንደሚያስደስተው እርግጠኛ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ አ.

—

በዛንሶን፣ ጥቅምት 10 ቀን 1771

ለአንሰልም፣

ሰላምታ ሳላስቀድም ብጀምር ደስ ባለኝ። ግን የአባቴ ቤት አስተዳደግ አይፈቅድልኝምና ጤና ይስጥህ።

ያልከኝን አደረግኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሥራ መሃል ቆሜ ሦስተኛውን እጥፍ አነበብኩ። ዞኤ ከጣሪያው ሥር፣ ወረቀት በሚሰቀልበት ቦታ፣ ከከተማ ከተማ ከሚዞር አንድ ሠራተኛ ጋር ናት። «ሙጫው ከታች ይፈላል። እኔ ወጋግራው ላይ ያሉትን ምስማሮች ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው» ትላለች።

አንሰልም፣ እነዚያን ምስማሮች የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ቀረሁ። አንተ ያኔ ዶል ከተማ ለቅስና የምትማር የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ። የምነግረው ሰው አጥቼ ለአንተ ጻፍኩ። ዐሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩልህ፣ አንተም አንብቤ አቃጥዬዋለሁ ብለህ ማልክልኝ። ባሌ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው። አሁን መጽሐፉን ይዤ ቃል በቃል አገኘሁት። ፈረሱን ሰርቀህ ጋማውን እንኳ አልቆረጥከውም።

ከዚያ ደግሞ ልጁን አገኘሁት። ዞኤ ልጇን ገዳም ደጃፍ ጥላ እየሳቀች ወደ ጭፈራዋ ትሄዳለች። እኔ የሳቅሁት መቼ ነው?

እዚያው እንደቆምኩ የማኅበራችን አለቃ አቶ ቡርዴ በሩን ከፍተው ገቡ። ያነበብኩትን እጥፍ የጸሎት መጽሐፉ እጥፎች ሥር ወሸቅኩት። «ወይዘሮ ዣናን፣ ፊትዎ ፍም መስሏል፤ ትኩሳት አለብዎት እንዴ?» አሉኝ። «የሙጫው እሳት ነው ጌታዬ» አልኳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ስለ ቆዳ መወደድ ሲያወሩ እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም። ሲወጡ ተከትዬ ወጣሁና ወንዙ ዳር ሄጄ ቁጭ አልኩ። ስመለስ ኒኮል የተደረደረውን ሁሉ ሰፍታ ጨርሳለች። እሷ የምታውቀው ግርጌ ላይ ያለውን ምልክት ነው፤ A፣ B፣ C ብላ ተራውን ታይና ትሰፋለች። ያንተም መጽሐፍ የጸሎቱም ወረቀት ልኩ አንድ ነው። አንዱ የጸሎት መጽሐፍ የራሱን C ትቶ ያንተን C ይዞ ተጠረዘ። እኔም ዓይኔ ስለፈዘዘ ሳላገላብጥ አስረከብኩ።

በመስከረሙ የእመቤታችን ልደት ማግስት አክስቴ አስጠሩኝ። በገዳሙ የእንግዳ ክፍል ከብረት ፍርግርጉ ወዲያ ቁጭ ብለዋል።

«ጀማሪዋ ልጅ ማዕድ ላይ ታነብልን ነበር» አሉኝ። «"አምላኬ ሆይ፣ ወደ አንተ እጮኻለሁ" አለችና ገጹን ገልብጣ "ሙጫው ከታች ይፈላል" ብላ ቀጠለች። እኔ የአንዲት ቅድስት ኑዛዜ መስሎኝ፣ በይ ልጄ ቀጥዪ አልኳት።»

«እማሆይ!»

«እመ ምኔቷ ማንኪያዋን ጣለች። ሌሎቹ እህቶች ግን አልጣሉም፤ እየበሉ ያዳምጡ ነበር። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዐሥራ ዘጠኝ ምስማር ስትል ግን አስቆምኳት። ምጥ ይዞሽ እጄን ጨብጠሽ ያን ቁጥር ትደጋግሚ ነበር። ሌላ ለማን ነገርሽ?»

«ለአንሰልም ብቻ።»

«እንግዲያው የጻፈው እሱ ነው» አሉና አለቀሱ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ልጄን በእጃቸው የቀበሩት እሳቸው ናቸው።

እውነት ነው ወይስ ውሸት? ሌላ ነገር አትጻፍልኝ።

ፔትሮኒል

—

ኑሻቴል፣ ጥር 20 ቀን 1772

ለማከብርሽ እትዬ ፔትሮኒል፣

በአዲሱ ዓመት ጤናና ሰላም እመኝልሻለሁ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደጀመረ ልንገርሽ። ፍልስፍናውን ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ ሳነበው ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሆነ። ሴትዮዋ አትተነፍስም። ያኔ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ልውሰድ አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ሆንኩ።

ግን አስቢው እትዬ። ስምሽ የትም የለም። ስንት ሴት አንብባሽ እፎይ ብላለች! ይህ የምትሸከሚው ሐፍረት ካህናትና ጎረቤት የጫኑብሽ እንጂ የአንቺ አይደለም። የመጽሐፉ ሐሳብ ሁሉ ይኸው ነው፤ ሳላምንበት አልጻፍኩትም።

የምለምንሽ ነገር ቢኖር፣ የቀረውን ሉህ አቃጥዪው። ለአክስታችንም ስሜን እንዳያነሱ ንገሪልኝ። አንድ ቀን ወደ አገሬ ገብቼ መቀበር እፈልጋለሁ፤ ስሜ ከወጣ በሩ ይዘጋብኛል። እንዳፈርኩ ልነግርሽ ብጀምር ይኼን መጽሐፍ የጻፈ ሰው እንዴት ያፍራል እንዳትዪኝ ፈራሁ።

ታናሽ ወንድምሽ አ.

—

በዛንሶን፣ የካቲት 3 ቀን 1772

ለአንሰልም፣

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ምርቃት ከልቤ አልኩት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልብሱን ሌላ ሰው ነው የሰፋልሽ ትለኛለህ። እኔ መስፋት የማውቅ ሴት ነኝ፤ ማን እንደሰፋው አንተ አትነግረኝም። ይሁን፣ ሌላ ሰፋው እንበል። ገበያ መሃል የገፈፍከኝ ግን አንተ ነህ። መውለቅ ካለበት ራሴ ባወለቅኩት። ከዚያ ሰውየ ጋር በመተኛቴ ያፈርኩት ድሮ ነው፣ ደብዝዟል። አሁን የሚያቃጥለኝ አምኜ የነገርኩትን ሰው አለማወቄ ነው።

እንግዲህ ስማ። እመ ምኔቷ መጽሐፉን ለሊቀ ጳጳሱ ሰዎች ሰጥታ እነሱ ወደ ማኅበራችን መልሰውታል። አለቃ ቡርዴ ጥሩ ሰው ናቸው፤ «ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው አምጪ፣ አለዚያ ግንቦት 6 ስምሽ ሲነሳ የሚከላከልልሽ የለም» ብለውኛል። የምጠይቅህ አንድ ወረቀት ነው። «ደራሲው እኔ ነኝ፤ ሉሁን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ስታጥፈው ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም ነበር» ብለህ በእጅህ ጽፈህ፣ ሙሉ ስምህን ፈርምበት። ካለህበት ድረስ መጥቶ የሚይዝህ የለም። የምታጣው መመለሻህን ነው፤ እኔ የማጣው የአባቴን ቤት ነው።

ግንቦት 6። የተራራው መንገድ በሚያዝያ በደንብ ይከፈታል።

ፔትሮኒል

—

ኑሻቴል፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1772

ለእትዬ ፔትሮኒል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ያልሽውን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ አንድም ቃል አልጎደለም።

ስሙን ግን አልቻልኩም። ሰባት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ሰባቱንም ጊዜ እታች ስደርስ እጄ ቆመ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ስምህ ከተሰማ በማግስቱ ከዚህ ትወጣለህ ብሎኛል። እሱም ብቻ አይደለም። አባትሽ ሲያነቡት ታዩኝ፤ ሞተው እያሉ ሲያነቡት ታዩኝ። «የእውነት ወዳጅ» ብዬ ፈረምኩ። አለቃ ቡርዴ አስተዋይ ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።

በአራተኛው እጥፍ ውስጥ ዞኤ «በስሙ የሚያፍር ሰው ባሪያ ነው» ትላለች። ያን ያረምኩት ራሴ ነኝ፤ ስህተት አላገኘሁበትም ነበር።

አ.

—

በዛንሶን፣ ሰኔ 2 ቀን 1772

ለአንሰልም፣

ቅዱስ ፌርዡ ይጠብቅህ። ወረቀትህ በዋዜማው ደረሰ።

ባለ ሱቆቹ ሃያ ሦስት ነበሩ። አለቃ ቡርዴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና እታች ሲደርሱ ቆሙ። «የእውነት ወዳጅ? ይሄ ሰው እናቱ ስም አላወጣችለትም?» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «እውነት ራሷ ወዳጇን አታውቀውም መሰለኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ወይዘሮ ዣናን፣ ይህን መጽሐፍ የጻፈውን ያውቁታል?» አሉኝ።

ስምህን ልናገር ነበር የሄድኩት፣ አልዋሽህም። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ወጣ። «ዞኤ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ከጣሪያው ሥር ያለው ታሪክ የኔ ነው። በደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ገለበጠው። የምትጠራጠሩ ካላችሁ የአባቴ ቤት ወጋግራ እዚያው አለ፣ ወጥታችሁ ምስማሩን ቁጠሩ። እስቃለሁ የሚለው ግን ውሸት ነው። ልጄ ሞቶ ነው የቀበርነው፤ አልሳቅሁም።»

ሁለት ወጣቶች የምር ሄደው ቆጠሩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ነው ብለው መጡ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሰጡና ሱቁን ነሱኝ። የአባቴን የሱቅ ምልክት ከበሩ ላይ ያወረዱት አለቃ ቡርዴ ራሳቸው ናቸው፤ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። አሁን እሳቸው ሱቅ በቀን ሠራተኛነት ወረቀት አጥፋለሁ። ኒኮል ጎኔ ናት። «እመቤቴ፣ C መሆኑን አይቼ ነው የሰፋሁት፤ ሌላ C መኖሩን በየት ልወቀው!» ብላ አንድ ሳምንት አለቀሰች።

አፈርኩ ወይ ብትለኝ፣ በጣም አፈርኩ። ገበያ ስወጣ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ዞኤህ የማታውቀው ይህን ነው። ሳያፍሩ መናገር ለማንም አይከብድም። እኔ እያፈርኩ ተናገርኩ።

ስምህን ያልጠራሁት ላንተ ብዬ አይደለም። ያንተ ስም ከተጠራ ታሪኩ ያንተ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ነው። ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ዐሥራ አንዱን ደብዳቤዎቼን መልስልኝ።

ፔትሮኒል

—

ኑሻቴል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1773

ለእህቴ ለፔትሮኒል፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ጤናሽን እለምናለሁ። አንድ ዓመት ተኩል ዝም ያልኩት የምመልስልሽ ነገር ስለሌለኝ ነው።

መጽሐፉ ከእጄ ወጥቷል። በአራት ከተማ እያተሙት ነው፣ ማንም ፈቃድ አልጠየቀኝም፤ አሁን የተገፈፈ ሰው ምን እንደሚሰማው ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። አንድ ቄስ በሁለት ቅጽ ተቃውሞ ጽፎበታል። ወጣቶች መጠጥ ቤት ተቀምጠው ስለ ልብሱ ያለውን ቃል እያነሱ ይከራከራሉ፤ ሕግና ነገሥታትም የተሰፋ ልብስ ናቸው እስከማለት ደርሰዋል። ባለፈው አንዱ ተማሪ፣ «ጸሐፊው ምንኛ ደፋር ሰው ነው!» ሲል እኔ አጠገቡ ሾርባዬን እጠጣ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም። ደፋሯ በዛንሶን ውስጥ በቀን ምንዳ ወረቀት ታጥፋለች ልለው ነበር፤ አላልኩትም።

ደብዳቤዎችሽን ልመልስልሽ አልችልም። ስሠራ ቃልሽን እንደገና መገልበጥ ታከተኝና ወረቀቱን ራሱን ቆራርጬ ለኅትመት ፊደል ለሚደረድሩት ለፊደል ለቃሚዎቹ ሰጠኋቸው። እነሱ ለቅመው ሲጨርሱ በቀለም የጨቀየውን ወረቀት ምድጃ ያያይዙበታል። የዚህ ሙያ ልማድ ነው። ያኔ ልማዱን አውቅ ነበር፤ ስሰጣቸውም አውቅ ነበር።

አንድ ቁራጭ ብቻ ተርፏል። ለለቃሚዎቹ ከመስጠቴ በፊት በመቀስ ቆርጬ ያወጣሁት ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ ስሰርቅ ያፈርኩት በእሱ ብቻ ነበር፤ በምትኩ ሳቁን ጻፍኩበት። ሦስት ዓመት ከመዝገበ ቃላቴ ውስጥ አልወጣም። አሁን ከዚህ ጋር አለ።

ለአለቃ ቡርዴም ያንን ወረቀት ለስምንተኛ ጊዜ ጽፌ ልኬያለሁ። እንደዘገየ አውቃለሁ። ሱቁን ይመልሱልሽ እንደሆነ አላውቅም። በገና ከዚህ ማተሚያ ቤት እወጣለሁ።

ወንድምሽ፣
አንሰልም ክሎድ ቩይማን
«የማታፍረዋ ሴት»ን ከፔትሮኒል ደብዳቤዎች የገለበጠ

(ከደብዳቤው ጋር የተላከው ቁራጭ፣ በፔትሮኒል የወጣትነት እጅ ጽሑፍ)

…ወንድ ነበር። እማሆይ ስኮላስቲክ ጣታቸውን ውሃ ነክረው ግንባሩን አጠመቁት። ማን ይባል ሲሉኝ ደነገጥኩ፤ ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅማ። ሬሚ አልኳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ሬሚ ነበር። አንሰልም፣ ይህን ካነበብክ በኋላ አቃጥለው፤ ስሙን ግን ያዝልኝ፣ እኔ ብሞት አንድ የሚያውቀው ሰው ይኑር።